ሎጁ ሳይሠራ ተራራውን ማን ጠበቀው?

ከቢቸና ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ከሞጣ ደግሞ ወደ ደቡብ ያቀና ሰው የሚደርሰው አንድ ቦታ ነው፤ ጮቄ። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው ይህ ተራራ ሙጋን፣ ሱሃን፣ ጨሞጋን፣ ተምጫንና ሌሎች ብዙ ወንዞችን ወደ ዓባይ ያወርዳል። የዛሬው ንግግር ስለ ሎጅና ስለ ጉዞ ቢሆንም የምጀምረው ከሎጅ አይደለም፤ ከጮቄ ላይ ከጠፋ አንድ እንስሳ ነው። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በየትኛውም የዓለም ክፍል የለም። የቀረውም በባሌ፣ በአርሲ፣ በሰሜን ተራሮች፣ በወሎና በመንዝ ደጋዎች ተበታትኖ የሚኖር ሲሆን ለአካለ መጠን የደረሱት ቁጥር 500 ገደማ ነው ተብሎ ይገመታል። ጎጃምም ድርሻ ነበረው። የጮቄ ቀይ ቀበሮ ግን ዛሬ የለም። ያጠፋው ሎጅ አልነበረም፤ እንስሳው ሲመናመን በተራራው ላይ የሚጠቀስ ሎጅም ሆነ የውጭ እንግዳ ጎርፍ አልነበረም። የጠፋው ቀስ በቀስ፣ ማንም ሆን ብሎ ሳይወስን ነው። የገብስና የድንች ማሳ ከዓመት ዓመት ሽቅብ ወጣ፤ የጓሳው ሣር ታረሰ፣ ያልታረሰውም ከልክ በላይ ተጋጠ። ቀይ ቀበሮ የሚበላው በዚያ ሣር ውስጥ ጉድጓድ ቆፍረው የሚኖሩትን አይጦች ነውና ሣሩ ሲሄድ አይጡ፣ አይጡ ሲሄድ ቀበሮው ሄደ።

አሁን ከዓባይ ማዶ ወደ ሰሜን ሸዋ እንሻገር። በመንዝ ጓሳ ቀይ ቀበሮ እስከ ዛሬ አለ፤ ጭላዳም በመንጋ ይሰማራል። ብርዱ እንደ ጮቄ ነው፤ ገበሬውም እንደ ጮቄ ገበሬ ገብስ የሚዘራ፣ በግ የሚያረባ፣ መሬት የጠበበበት ሰው ነው። ልዩነቱ ያለው በሰዎቹ መካከል በነበረው ውል ላይ ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደነበረ የሚነገርለት የቄሮ ሥርዓት ጓሳውን የጋራ ርስት አድርጎ ይጠብቀው ነበር። ባለ ርስቶቹ አለቃ ይመርጣሉ፤ ሜዳው ለዓመታት ይዘጋል፤ በድርቅ ወይም በበጋ፣ ጉባኤው ሲፈቅድ ብቻ ለሣር አጨዳና ለግጦሽ ይከፈታል፤ ሕጉን የጣሰ ይቀጣል። ጓሳው ለጣራ ክዳን፣ ለገመድ፣ ለከብት ይውላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል፤ ቄሮ የጥቅም ሥርዓት ነው እንጂ የክልከላ አይደለም። ሰዎቹ ሜዳውን ያቆዩት ስለሚጠቀሙበትና ነገም ሊጠቀሙበት ስለሚፈልጉ ነው። ቀይ ቀበሮው በዚያ ውል ጥላ ሥር ኖረ። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ የርስትን ሥርዓት ሲያፈርስ ቄሮም አብሮ ፈረሰና ሜዳው ተጎዳ። ሕዝቡ ግን የሥርዓቱን ትዝታ ይዞ በአዲስ መልክ፣ በቀበሌ ተወካዮችና በሽማግሌዎች ኮሚቴ፣ ጥበቃውን መልሶ አቋቋመ፤ ኋላም የአማራ ክልል በሕግ የማኅበረሰብ ጥበቃ ቦታ ብሎ ዕውቅና ሰጠው። በጓሳ ያለው የማኅበረሰቡ ሎጅ የመጣው ከጥበቃው በኋላ ነው። ጥበቃው ቀደመ፣ ሎጁ ተከተለ።

ከእነዚህ ሁለት ተራሮች የማወጣው አንድ ሐሳብ ነው፤ የቀረውም ንግግሬ እርሱን ማስረዳት ነው። አንድ ሎጅ ዘላቂ መሆኑ በጣራው ሣር፣ በፀሐይ ኃይል መብራቱ ወይም በበሩ ላይ በለጠፈው «ኢኮ» የሚል ጽሑፍ አይታወቅም። ተራራውን፣ ውሃውንና ሣሩን የሚጠብቁ ሰዎች አሉ፤ ሎጁ የእነዚህን ሰዎች መብትና አቅም ያጠናክራል ወይስ ያዳክማል? የሚለካው በዚህ ነው። ሎጅ የጥበቃ ምንጭ ሊሆን አይችልም፤ የጥበቃ ተካፋይና አጋዥ ሊሆን ግን ይችላል። ተጓዥም ማረፊያ ሲመርጥ ገንዘቡን ለየትኛው ውል እንደሚከፍል እየመረጠ ነው።

ይህ በጓሳና በጮቄ ብቻ የሚታይ ነገር አይደለም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ብሔራዊ ፓርኮቻችን የጥበቃ ጣቢያዎች ተዘረፉ፣ ዛፍ ተቆረጠ፣ እንስሳት ተገደሉ። ምክንያቱ የሰዎች ክፋት ነበር ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ነገር ግን ለዓመታት በዘበኛና በጠመንጃ ከግጦሹ የተባረረ ሰው ዘበኛው በሸሸ ማግሥት ፓርኩን የራሴ ነው ብሎ ይጠብቀዋል ማለት ከባድ ነው። የሰሜን ተራሮች ታሪክ ደግሞ ሌላ ዓይነት ጥያቄ ያነሣል። እ.ኤ.አ. በ1978 ከላሊበላ ጋር በመጀመሪያዎቹ 12 የዓለም ቅርሶች ዝርዝር የገባው ይህ ፓርክ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። የእርሻና የግጦሽ ጫና ስለበረታበት በፓርኩ መካከል የነበሩት የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ካሳ ተከፍሏቸው ወደ ደባርቅ ተዛወሩ፤ ፓርኩም እ.ኤ.አ. በ2017 ከአደጋ መዝገቡ ወጣ። ለፓርኩ ዋልያ መልካም ሆነ። ሆኖም ለዋልያው መትረፍ ቤቱንና መሬቱን የከፈለው ባለ ሎጅ ወይም ጎብኚ ሳይሆን የግጭ ገበሬ ነው። በሰሜን ተራሮች አድሮ የማለዳውን ገደል የሚያይ እንግዳ ይህን ዕዳ ማወቅ አለበት፤ የሚያድርበት ሎጅም ዕዳውን በምን እንደሚከፍል ቢጠየቅ ሊቀየም አይገባውም።

በጎ ምሳሌ የለም አልልም፤ አለ። ከሃያ ዓመት በላይ በፊት በሰሜን ወሎ በመቄት የተጀመረው ቴስፋ የሚባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ሥራ በመቋት ማርያምና በዋጀላ በመሳሰሉ ቦታዎች ጥቂት ጎጆዎችን በገደል አፋፍ ላይ ሠራ። ባለቤቶቹ የመንደሩ ሰዎች ናቸው፤ እንግዳ የሚቀበለው፣ አህያ የሚጭነው፣ ወጥ የምትሠራው የመንደሩ ሰው ነው፤ እንግዶቹም በአንድ ጊዜ ጥቂት ብቻ ናቸው። በሰሜን ተራሮች ጫፍ የተሠራው ሊማሊሞ ሎጅ ደግሞ የግል ሥራ ነው፤ ከመሥራቾቹ መካከል በዚያው ተራራ አስጎብኚ የነበሩ ኢትዮጵያውያን አሉበት፤ ግድግዳውም ከአካባቢው አፈር ተጠቅጥቆ የቆመ ነው። ወደ እኛው ስንመለስ እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከ32 አገሮች 44 ምርጥ የቱሪዝም መንደሮችን ሲመርጥ ከኢትዮጵያ ሁለት ገቡ፤ አንዱ ወንጪ፣ ሁለተኛው የጮቄ ተራሮች ኢኮ መንደር። ለምሥራቅ ጎጃም ትልቅ ክብር ነው፤ ለዚህ ያበቁት ሰዎችም ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን ሽልማት የአንድን ዓመት ሥራ ያያል፤ የጮቄ ሣር መቆየቱን የሚወስነው ግን በየዓመቱ ሞፈሩ የት ላይ እንደሚቆም ነው። ሽልማቱን እንደ አደራ እንጂ እንደ ምስክር ወረቀት ባናየው ይሻላል።

እንግዲህ ተጓዥ ምን ይይ፣ ምን ይጠይቅ? በእኔ አስተያየት ከሁሉ አስቀድሞ እሳቱን ይይ። በ3,000 ሜትር ላይ ሌሊቱ ይበርዳል፤ እንግዳም ሞቅ ያለ ሻወርና ማታ ማታ ከቤት ውጭ የሚነድ እሳት ይወዳል። ያ እሳት የአስታ እንጨት ከሆነ እንግዳው የመጣበትን ተራራ እያነደደ ነው። አስታ በብርድ ውስጥ በዝግታ የሚያድግ ዛፍ ነው፤ አንዱ ግንድ በአንድ ምሽት ዐመድ ይሆናል፤ ተተኪው ለመድረስ ግን ብዙ ዓመት ይፈልጋል። ጭጋጉን በቅጠሉ ጠልፎ ጠብታውን ወደ ሥሩ የሚያወርደውም እርሱ ነውና አስታ ሲጠፋ የሚጎድለው ጥላ ብቻ አይደለም፤ ምንጭም ነው። ባሕር ዛፍ ለማገዶ ከአስታ ይሻላል፣ ቁም ነገሩ ግን ከማን ማሳ እንደመጣና በምንጭ አጠገብ ያልተተከለ መሆኑ ነው። ስለዚህ «ውሃውን በምን ታሞቃላችሁ? እንጨቱን ከማን ትገዛላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ሙያ አይፈልግም። መልሱ «ሰዎች ያመጡልናል» ከሆነ መልስ አይደለም፤ እነዚያ ሰዎች ከየት እንደሚያመጡት ሎጁ ካላወቀ ማወቅ አልፈለገም ማለት ነው።

ቀጥሎ ውሃው ነው። ጮቄ ላይ 273 ምንጮችና 59 ወንዞች አሉ እየተባለ ይጠቀሳል። ቁጥሩ ከፍ ቢልም ዝቅ ቢልም በበጋ ምንጭ የደረቀባት መንደር ሴት ጀሪካን ተሸክማ የምትሄደው መንገድ በአማካይ አይለካም። ሎጅ ምንጭን በቱቦ ሲጠልፍ ከታች ያለው ጎረቤት ድርሻው ስንት እንደሚሆን በጽሑፍ መታወቅ አለበት። የወጣው ውሃ የሚሄድበትም እንዲሁ። «ሴፍቲ ታንከር አለን» የሚል መልስ በብዛት ይሰማል፤ ታንከሩ ከምንጩ በላይ ተቆፍሮ ከሆነ ግን ለጎረቤት በሽታ ነው። ዛሬ ደግሞ የጮቄ አፈርና ውሃ የአንድ አውራጃ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ የሚሞላው ከእነዚህ ዳገቶች በሚወርደው ውሃ ጭምር ነው፤ በደለል የሚጎዳውም ከእነዚሁ ዳገቶች በሚታጠበው አፈር ነው። በጮቄ አናት ሣር የሚጠብቅ ገበሬ ለአገር ሁሉ እየሠራ ነውና ሊከፈለው ይገባል፤ ሎጅና ጎብኚ ከከፋዮቹ መካከል ቢሆኑ ተገቢ ነው።

ጥቂት ሰው የሚያስበው ሌላ ጥያቄ አለ፤ የውሻ ጥያቄ። ቀይ ቀበሮን በዘመናችን በድንገት የሚጨርሰው ጥይት አይደለም፤ ከቤት ውሻ የሚጋባ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በባሌ ተራሮች ይህ በሽታ ደጋግሞ ገብቶ የቀበሮ ቤተሰቦችን በሙሉ ጠራርጓል፤ የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ለዓመታት ከደከመባቸው ሥራዎች ዋነኛው የገበሬውን ውሾች መከተብ የሆነውም ለዚህ ነው። እንግዲህ በደጋ ላይ ያለ ሎጅ ውሻ ያሳድጋል ወይ? ከኩሽና በሚወጣ ትርፍራፊ የሰፈሩን ውሾች ይሰበስባል ወይ? ክትባት አላቸው ወይ? በሰሜንም፣ በጓሳም፣ በባሌም የሚያርፍ እንግዳ ይህን ቢጠይቅ ስለ እንስሳው ከልብ የሚያስብ ሎጅ ወዲያው ይመልስለታል። ስለ እንስሳው ፖስተር ብቻ የለጠፈ ሎጅ ግን ጥያቄው ይገርመዋል።

በመጨረሻ ገንዘቡ። ከክፍሉ ኪራይ ምን ያህሉ በወረዳው ውስጥ ይቀራል? ጤፉና ማሩ ከጎጃም ገበያ ተገዝቶ ነው ወይስ ሁሉም ከአዲስ አበባ ሱፐርማርኬት በመኪና መጥቶ? አስጎብኚና ባለ በቅሎ በተራ ይሠራሉ ወይስ ሥራው በአንድ ሰው ዘመዶች እጅ ነው? ከሁሉም በላይ ለማኅበረሰቡ ይሰጣል የተባለው ድርሻ በየዓመቱ በጉባኤ ፊት ይነበባል? ልግስና እና ድርሻ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ባለ ሎጁ ደስ ሲለው ለትምህርት ቤቱ ደብተር ቢሰጥ መልካም ነው፤ ግን ነገ ደስ ካላለው ያቆመዋል። በውል የተጻፈ ድርሻ ግን ይጠየቃል፣ ይመረመራል፣ ባይከፈልም ያስከስሳል።

እነዚህን ጥያቄዎች ተጓዡ ሁሉ በየበሩ ሊጠይቅ አይችልም፣ ስለዚህ ደረጃ የሚሰጥ አካል ያስፈልጋል የሚሉ አሉ፤ እስማማለሁ። ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ሎጆችን በነሐስ፣ በብርና በወርቅ የሚመድብ ሥርዓት አላት። የዓለም ዘላቂ ቱሪዝም ምክር ቤትም መስፈርቶቹን በአስተዳደር፣ በኅብረተሰብ ኑሮ፣ በባህልና በአካባቢ ከፍሎ አውጥቷል። የእኛ የሆቴል ደረጃ ግን እስካሁን የሚታወቀው በኮከብ ነው፤ ኮከብ ደግሞ የሚቆጥረው የእንግዳውን ምቾት እንጂ የጎረቤቱን ምንጭ አይደለም። ክልሉ ከኮከቡ ጎን ሌላ መለኪያ ቢያወጣ መልካም ነበር። ሆኖም መለኪያው ከመምጣቱ በፊት የተጓዡ ጥያቄ ጉልበት አለው፤ ባለ ሎጅ በበጋ ወቅት አሥር እንግዳ አንድ ዓይነት ጥያቄ ከጠየቀው በአሥራ አንደኛው መልሱን አዘጋጅቶ ይጠብቃል።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ። የመጀመሪያው፣ ይህ ሁሉ የሀብታም ወሬ ነው፤ በዶላር የሚከራይ ክፍል የቢቸና መምህርም ሆነ የሞጣ ነጋዴ የሚያርፍበት አይደለም የሚለው ነው። እውነት አለው፤ በተለይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ክፍተቱ ሰፍቷል። ግን ኃላፊነት ያለው ጉዞ ከሎጅ ጋር የተጋባ አይደለም። በጎጃም ትልቁ ተጓዥ የውጭ ቱሪስት ሆኖ አያውቅም፤ ተሳላሚው ነው። ለዲማ ጊዮርጊስ፣ ለመርጡለ ማርያም፣ ለደብረ ወርቅ ማርያም ንግሥ የሚወጣው ሕዝብ በአንድ ቀን የሚጥለው ሃይላንድና ፌስታል ብዙ ሎጆች በዓመት ከሚጥሉት አይተናነስም። ላስቲኩ በክረምት ጎርፍ ወደ ማሳ ይወርዳል፣ ላም ይበላዋል። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል፤ አዋጁ ግን ከከተማ ወጥቶ በንግሥ ሜዳ ላይ የሚሠራው ተሳላሚው ራሱ ስንቁን በጨርቅና በሞሰብ ሲቋጥር ነው። በትንሽ ሆቴል ማደር፣ የአካባቢውን ምግብ መብላት፣ ቆሻሻን ይዞ መመለስ ገንዘብ አይጠይቅም።

ከዚሁ ጋር ስለ አብነት ተማሪዎች አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ። በእነማይ ወረዳና በአካባቢው የሚገኙ የአብነት ጉባኤዎች የቅኔና የመጻሕፍት ትምህርት የሚሰጥባቸው ናቸው። ለምድ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ በየበሩ የሚቆመው ልጅ ተማሪ ነው፤ የሚለምነውም በትምህርቱ ሥርዓት ውስጥ ሆኖ ነው። ካሜራ የያዘ እንግዳ፣ ከአዲስ አበባ የመጣም ጭምር፣ ይህን ልጅ የድህነት ሥዕል አድርጎ ፎቶ ሲያነሣው በደል ይፈጽማል። ብር በእጁ ማስያዝም አያንጸውም፤ ለጉባኤ ቤቱ በመምህሩ በኩል መስጠት ይሻላል። ፎቶ ከማንሣት በፊት ፈቃድ መጠየቅ ደግሞ ለልጅም ለአዋቂም እኩል ነው። የጎብኚ ዓይን ግን ሁልጊዜ ጎጂ አይደለም፤ ለዚህ የሞጣ ሰው ጥሩ ማስረጃ አለው። በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለትና በጣሊያን ወረራ ጊዜ አንድ ቅስቱ የተሰበረው ሰባራ ድልድይ ለብዙ ዓመታት ሰው በገመድ እየተጎተተ የሚሻገርበት ነበር። ይህንን የሚያሳይ ፎቶግራፍ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ2001 ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ አየው። በማግሥቱ ዓመት ድልድዩ ከሁለቱ ወንዝ ዳር ሰዎች ጉልበት ጋር ተጠገነ፤ ጎርፍ ሲጎዳውም በኋላ በዚያው አካባቢ ተንጠልጣይ የእግር ድልድይ ተሠራ። ከዚያ ሥራ የተነሣው ድርጅት ዛሬ በርዋንዳና በሌሎች አገሮች የገጠር ድልድዮች ይሠራል። ያ ፎቶግራፍ የሰዎቹን ችግር ከነክብራቸው አሳየ፤ አይቶም የመጣው ሰው ሎጅ ሳይሆን የሚፈልጉትን ድልድይ ይዞ መጣ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ባለ ሀብት በጥያቄ ብዛት ይሸሻል፣ ልማትም ይቀራል የሚለው ነው። መንግሥት ራሱ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት በጎርጎራ፣ በወንጪና በኮይሻ ትልልቅ ማረፊያዎችን ሲሠራ ታይቷል፤ ሥራ ተፈጥሯል፣ መንገድ ገብቷል፤ ይህን አልክድም። ግን መንገድና ሕንፃ በገንዘብ ይገዛል፤ በዙሪያው የሚኖረው ሰው ፈቃድ ግን አይገዛም። በታንዛኒያ ሎሊዮንዶ እ.ኤ.አ. በ2022 መንግሥት 1,500 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የማሳይ ግጦሽ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ብሎ በፖሊስ ሲያካልል ደም ፈሰሰ፤ የአካባቢው ሰዎችም ቦታው ለአደንና ለቱሪዝም ድርጅቶች የሚሰጥ ነው ብለው ተቃወሙ። የዚያ አገር ሳፋሪ ከእኛ እጅግ የበለጸገ ነው፤ ጠቡ ግን የመጣው ከዚያው ብልጽግና ጋር ነው። ከሕዝቡ ጋር ቀድሞ የተዋዋለ ባለ ሀብት ለራሱም ዋስትና ይገዛል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከባዱ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን ያለው ግጭት መንገድ ዘግቷል፣ ሰው ገድሏል፤ ከዚያ በፊት ኮሮና፣ የሰሜኑም ጦርነት ነበር። እንግዳ በማይመጣበት ጊዜ ስለ ሎጅ ማውራት ምን ይጠቅማል? እኔ ግን ሎጅ የሚፈተነው በዚህ ጊዜ ነው ባይ ነኝ። እንግዳ ሲጎርፍ መልካም መሆን ለማንም አይከብድም። ክፍሎቹ ባዶ ሲሆኑ ግን የማኅበረሰቡ ጥበቃ በእንግዳ ብር ብቻ ቆሞ የነበረ ከሆነ ወዲያው ይወድቃል፤ ተቆራጭ የቀረበት ዘበኛ ይሄዳል፣ አስታው ይቆረጣል፣ ሞፈሩ ሽቅብ ይወጣል። በራሱ ሣር፣ በራሱ ምንጭ፣ በራሱ ሕግ የሚጠቀም ሕዝብ ግን እንግዳ ቢመጣም ባይመጣም የሚጠብቀው ነገር አለው። ጓሳ ያለ ሎጅ ለዘመናት ኖሯል። ስለዚህ ገቢው ሙሉ በሙሉ በቱሪስት ላይ የተንጠለጠለ መንደር መፍጠር ዘላቂነት አይደለም፤ ቱሪስቱ ከእርሻው፣ ከማሩ፣ ከበጉ ጎን የሚጨመር ገቢ መሆን አለበት። መንገዱ ሰላም እስኪሆን ደግሞ ማንንም «ጎብኙ» ብዬ ወደ አደጋ አልጋብዝም። ይህ የዝምታ ጊዜ ውል ለመጻፍ ከፈለግን የሚመች ነው፤ ባለ ሀብት ለመሬት በሚሽቀዳደምበት ወቅት የገበሬ ድምፅ አይሰማም።

የደከመው ገበሬ ስለ ቀበሮ ሊያስብ ይገባል ወይ የሚል ጥያቄም ሲነሣ ይሰማል። በግድ ይገባዋል ብዬ አልከራከርም። የተራራው ጥበቃ መጀመሪያ ለእርሱ ለራሱ ነው፤ ለምንጩ፣ ለአፈሩ፣ ለጣራው ክዳን። በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ያጠኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ያሳዩት ይህንኑ ነው። በተራቆተው ምድር መካከል አገር በቀል ዛፍ ተሰብስቦ የቀረው በዐጸዶቹ ውስጥ ነው፤ ያቆዩትም ካህናቱና ምእመናኑ ናቸው። ኋላ በሳይንቲስቱ ምክርና በውጭ እርዳታ አንዳንዶቹ በድንጋይ አጥር ሲከበቡ ድንጋዩን ከየማሳው የለቀመው ሕዝቡ ነው። እርዳታው የጠቀመው ቀድሞ የነበረን ጠባቂ ስላገኘ ነው።

እናም ለሞጣና ለቢቸና፣ ለጮቄ ዙሪያ ወረዳዎች ሁሉ የማቀርበው ልመና ግልጽ ነው። በጮቄ ላይ ለአንድ ሎጅ አንድ ካሬ ሜትር መሬት ከመመራቱ በፊት ሞፈር የሚቆምበት የከፍታ መስመር በየቀበሌው ጉባኤ ይወሰን፤ የሣሩ መዝጊያና መክፈቻ ወር ይጻፍ፤ የምንጮቹ ድርሻ ይመዝገብ፤ ሎጁም ወደዚያ ውል ገብቶ ይፈርም። ለመንገደኛው ደግሞ፣ ለገናም ለጥምቀትም ማረፊያ ለመያዝ ስልክ ስትደውሉ ከዋጋው ቀጥሎ ውሃው በምን እንደሚሞቅ፣ የመንደሩም ድርሻ የት እንደተጻፈ ጠይቁ። መልስ የሌለው ቤት ገንዘባችሁን አይውሰድ፤ ሌላ ፈልጉ።